የልብስ ሰፊው ቀኝ እጅ

ወደዚያ ቤት የገባሁት እያስነጠስኩ ነበር። ከቀትር ፀሐይ ስለገባሁ ዓይኔ ምንም አላየም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ፤ ከጨለማው ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» አለኝ። ቤቱ ከፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው፤ ሰው ሳይታጎርበት በፊት የበርበሬ ማከማቻ ነበር። በርበሬው ተጭኖ ከሄደ ቢቆይም ብናኙ ከግድግዳውም ከወለሉም አልለቀቀም። አዲስ የመጣ ሁሉ እያስነጠሰ ይገባል፤ ቤቱም ይማርህ ብሎ ይቀበለዋል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ከስድብ በስተቀር ሌላ ቃል አልሰማሁም ነበርና እንባዬ መጣ። በበርበሬው አሳበብኩ።

የተያዝኩት በደብተሬ ምክንያት ነው ብል ሰው ይስቃል፤ አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከማንኩሳ ወደ ፍኖተ ሰላም በባጃጅ ስመጣ ኬላ ላይ አስወረዱን። ቦርሳዬ ሲፈተሽ የትምህርት ዝግጅት ደብተሬ ወጣ፤ ደብተሩ ውስጥ ደግሞ ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት የጡንቻ ሥዕል ነበር። ወፍራምና ቀጭን መስመሮች፣ ቀስቶች፣ በየመስመሩ ጫፍ የእንግሊዝኛ ፊደላት።

«ይሄ የየት መንገድ ነው?» አለኝ ፈታሹ።

«መንገድ አይደለም፤ ጡንቻ ነው።»

«የማን?»

«የማንኛችንም። የእርስዎም እንደዚሁ ነው።»

«ዜድ የምትለዋ ማን ናት?»

«መስመር ናት።»

«እኮ! ወዴት የምታደርስ?»

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን አሥራ አራት ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ያልገባው ሰው ሳይ አፌ አይዘጋም። እስክሪብቶ ተቀብዬ ሌላ ሥዕል ጨመርኩለት፤ ጡንቻ ሲኮማተር መስመሮቹ እንዴት እንደሚቀራረቡ በቀስት አሳየሁት። ቀስት በጨመርኩ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌላም ሌላም ነገር ተጠየቅኩ፤ ያንን እዚህ አላነሳውም።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በሁለት ሰዎች መካከል ቦታ እንደተለቀቀልኝ አየሁ። በግራዬ ያሉት በቡሬ ገበያ ልብስ የሚሰፉ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ሙስሊም ሰው ናቸው። በቀኜ ያሉት የቡሬ ገጠር ገበሬ ናቸው፤ ትውልዳቸው ከአዊ ነው። አጥንት የሚጠግኑ ወጌሻም ስለሆኑ ቤቱ ሁሉ «አያ ወጌሻ» ይላቸዋል። ስድሳ አምስት ሳይሞላቸው አይቀርም። ሁለቱንም ለምን እንደታሰሩ ጠየቅኳቸው።

«ጫካ ለገቡት ልብስ ሰፍተሃል ተብየ» አሉ ልብስ ሰፊው። «ጨርቅ ያመጣልኝን ሁሉ እሰፋለሁ። ለብሶ የት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?»

«እኔም ያው ነኝ» አሉ አያ ወጌሻ። «እግሩ የተሰበረ ሰው ሲመጣብኝ ማን ሰበረህ ብየ አልጠይቅ።»

ምግብ ሲመጣ ነው የልብስ ሰፊውን እጅ ያየሁት። በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን እንደ ዕቃ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከአንጓው ታጥፎ ወደ መሬት ተንጠለጠለ። ቆዳው ደህና ነው፣ አጥንቱም አልተሰበረም፤ ግን ቀና አይልም። ሲያዙ ክንዳቸው ወደ ኋላ ታስሮ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት የጭነት መኪና ላይ በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ነበር። ገመዱ ሲፈታ እጁ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ነገር የነገሩኝ ይህንኑ ብቻ ነው፤ ያሰሯቸውንም ሲራገሙ አልሰማሁም።

አያ ወጌሻ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷቸው። ሦስት ጊዜ ጎረሱና «አልሐምዱሊላህ፤ ጠገብኩ» አሉ። እንዳልጠገቡ ማንም ያውቃል።

«በግራ እጅዎ ቢሞክሩትስ ጋሼ?» አልኩ፤ አዲስ ገብ ነኝና።

«በግራዬ ምግብ አልነካም» አሉኝ። «በሰው እጅ ደግሞ ሕፃን ነው እሚጠግበው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እህሉስ ይሁን። ይህ እጅ ካልተነሳ መርፌ አልይዝ፣ መቀስ አልይዝ። ተዚህ ብወጣስ ምን ሆኜ ነው እምወጣ?»

 ከዚያች ቀን ጀምሮ ከራሴ ጉዳይ ይልቅ የዚያ እጅ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ስለ ራሴ ላደርገው የምችለው ነገር አልነበረም፤ ስለ እጁ አንድ ነገር የማውቅ መሰለኝ።

ችግሩ እኔና አያ ወጌሻ አለመስማማታችን ነበር። እሳቸው ጅማቱ ዞሯል ባይ ናቸው፤ ቅቤ ቢገኝ አሽቼ፣ ስቤ፣ በሁለት ቀን እመልሰው ነበር ይላሉ። እኔ ደግሞ ነርቭ ነው አልኩ። የላይኛውን ክንድ ዞሮ የሚወርድ ነርቭ አለ፤ እሱ ከተጫነ ከአንጎል የሚመጣው መልእክት አይደርስም፤ መልእክት ያልደረሰው ጡንቻ ደግሞ አይሠራም። ይህን እጅ መሳብ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም አልኩ።

«አንተ ስንት እጅ መልሰሃል?» አሉኝ።

«አንድም።»

«እኔ ገበያ እሚሞላ ሰው መልሻለሁ።»

«ይሁን አያ። ይህኛው ግን ከቦታው አልወጣም።»

ተኳረፍን። ቦታው ጠባብ ስለነበር ተኳርፈን ትከሻ ለትከሻ ነው የምንተኛው።

ያስታረቀን ክር ነው። ልብስ ሰፊው አንድ ረፋድ ላይ «ቆይ እናንተ፣ ጡንቻ ጡንቻ እምትሉት ነገር ሥጋ አይደለም እንዴ? ሥጋ እንዴት ብሎ ነው እሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። ከጋቢዬ ጫፍ ጥቂት ክር መዝዤ መዳፌ ላይ ዘረጋሁት። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው» አልኩ። ጡንቻ የክር ነዶ ነው። ትልቁን ነዶ ሲፈቱት ትናንሽ ነዶዎች ይወጣሉ፤ እነዚያን ሲፈቱ ክር፣ ክሩን ሲፈቱት ደግሞ ዓይን የማያየው ክር። በየደረጃው በስስ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ሽፋኖቹ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ጅማት ይሆናሉ፣ ጅማቱም አጥንት ላይ ተሰፍቶ ይቀራል።

«ተሰፍቶ?» አሉ።

«አዎ፣ ያውም በማይለቅ ስፌት።»

የማይታዩት ክሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ወፍራምና ቀጭን። የሁለት እጆቼን ጣቶች ፊት ለፊት አድርጌ አንዱን በአንዱ መካከል አስገባሁና ገፋሁት። ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በአንዱ መካከል እየተንሸራተተ ስለሚገባ ነው ጠቅላላው የሚያጥረው። ወፍራሙ ክር ላይ ጥቃቅን እጆች አሉ፤ ቀጭኑን ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይለቃሉ፣ ከፍ ብለው እንደገና ይይዛሉ። ከጉድጓድ ውሃ በገመድ እንደሚያወጣ ሰው ነው። ልብስ ሰፊው በግራ እጃቸው ክሩን እየዳበሱ ያዳምጡኛል።

«ጉልበት የሚያስፈልገው ለመጎተት ብቻ አይደለም፤ ለመልቀቅም ነው» ብዬ ጨመርኩ። «ሰው ሲሞት የሚደርቀው ለዚህ ነው። የያዙት እጆች መልቀቂያ ጉልበት ያጣሉ።»

ከጥግ አንድ ሰው «እነዚህም እኛን እማይለቁን እህል አንሷቸው ይሆናላ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊውም ሳቁ፤ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገርኩ። ጡንቻ መጎተት እንጂ መግፋት አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጡንቻ በተቃራኒው የሚጎትት ጓደኛ ያስፈልገዋል። ከክንዳችን በመዳፍ በኩል ያለው እጃችንን ወደ ታች ያጥፋል፤ በጀርባው በኩል ያለው ቀና ያደርገዋል። ልብስ ሰፊው ላይ ዝም ያለው በጀርባ በኩል ያለው ነው።

ይህን ሁሉ በደንብ አስተማርኩ፤ አስተምሬም ተሳሳትኩ። ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል ብዬ ካልሲዬን እንደ ኳስ ጠቅልዬ እንዲጨብጡት አዘዝኳቸው። ታዛዥ ሰው ናቸው፤ ከአንዱ ሶላት እስከ ሌላው ሶላት ባለቻቸው ጉልበት ይጨብጣሉ። ሳምንት ሲሆን እጁ ከበፊቱ ይልቅ ታጠፈ፤ ጣቶቹም ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ «ትዕግሥት ነው ጋሼ» እላለሁ። ነገሩን ያዩት አያ ወጌሻ ናቸው።

«አንተ መምህር፣ ያስተማርኸውን ራስህ ሰምተኸዋል?»

«ምን አጠፋሁ አያ?»

«ጡንቻ መጎተት እንጂ መግፋት አያውቅም አላልህም? መጨበጥ የመዳፍ በኩሉ ሥራ አደለም? እሱማ ድሮስ ምን ሆነ! አንዱ በሬ ታሞ ተኝቷል፤ አንተ ገለባውን ሁሉ ለብርቱው ታበላለህ።»

አፈርኩ። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ፊደል ላልቆጠሩ ሰው በአንድ ረፋድ ከእኔ በተሻለ ገብቷቸዋል። ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጠየቅኩ።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ብርቱና ደካማ በሬ ስጠምድ ምን አደርጋለሁ? ደካማውን አልገርፈው። ሞፈሩን ተቀንበሩ ጋር እሚያስረውን ምራን ወደ ብርቱው ጠጋ አደርገዋለሁ። ያኔ ሸክሙ ወደ ብርቱው ያዘነብላል፤ ደካማው ይቀለዋል። እየዋለ እያደረ ጉልበቱ ይመለሳል። ለዚህም እጅ ሸክሙን እሚያቀልለት እንፈልግለት።»

«ከሥር ቀና አድርጎ የሚይዘው ነገር» አልኩ።

«ነው እንጂ!»

ቤቱ ውስጥ የነበረን ዕቃ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው። አንዱን ጠርሙስ ጠርዙን ሲሚንቶ ላይ እየፈገፈግን ለሁለት ከፈልነው። አያ ወጌሻ ግማሹን ከመዳፍ እስከ ክንድ መሐል በሚደርስ ልክ አስተካከሉት፤ ከጋቢዬ በቀደድኩት ጨርቅ ጠቀለሉትና ከእጁ ሥር አድርገው አሰሩት። እንደ ስብራት አላጠበቁትም። እጁ ቀና ብሎ ቆመ። ልብስ ሰፊው ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱና ቁራሽ እንጀራ ለመያዝ ሞከሩ፤ ያዙት። በዚያን ቀን በቀኝ እጃቸው በሉ፤ ቀስ ብለው፣ ድርሻቸውን ሁሉ ጨርሰው።

ቤቱ ተአምር ነው አለ። ተአምር እንዳልሆነ ለማስረዳት አፌ ተከፈተ። «እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ከአንጓው ወደ ታች አጥፉ። አሁን እንደዚያው እንዳጠፋችሁት ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡ።» አልተቻላቸውም። እጅ ከአንጓው ካልተቃና ጣት ኃይል የለውም፤ የልብስ ሰፊውም ጣቶች ደህና ሆነው ሳለ የማይዙት ለዚሁ ነበር። አርባ ሰው እጁን አንጠልጥሎ ለመጨበጥ ሲታገል በሩ ተከፈተና ጠባቂው ገባ።

«ምንድን ነው ይሄ? ምን ዓይነት ምልክት ነው እምትለዋወጡት?»

 አያ ወጌሻ «ልጄ፣ አንተም እጅህን ወደ ታች ጣልና ጨብጥ እስቲ» አሉት። ጠባቂው አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኛን አየ። መሣሪያውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። «እንዴ!» አለና በሩን ዘግቶ ወጣ። ከውጭ ለባልደረባው «ና እስቲ፣ እጅህን እንዲህ አድርግ» ሲለው ሰማነው።

የሚቀረው ዋናው ነገር ነበር። ላስቲኩ እጁን ደገፈው እንጂ ነርቩን አላዳነውም፤ እንደሚድንም እርግጠኛ አልነበርኩም። በየጠዋቱ አያ ወጌሻ ማሰሪያውን ይፈቱና በትውልድ ቋንቋቸው በአውኚ እያንጎራጎሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያፍታታሉ፤ መሳብ ትተዋል። እኔ «እጅዎን ለማንሳት ያስቡ ጋሼ» እላለሁ። ያስባሉ። ምንም የለም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን «ተውት፤ አላህ የወሰደውን ወስዷል» አሉ። አያ ወጌሻ ማፍታታታቸውን ቀጠሉ።

ወር ካለፈን በኋላ ነው። አያ ወጌሻ ጣታቸውን በክንዱ ጀርባ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ እንዳሳረፉ «ዝም በሉ!» አሉ። 

«ደግመህ አስብ፣ ወንድም ዓለም።»

ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጁ ላይ የታየ ነገር የለም፤ እንደነበረ ነው።

«መጣ» አሉ አያ ወጌሻ።

የእኔን ጣት ወስደው ቦታው ላይ አኖሩት። ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ጠንከር አለና ለቀቀ። እንደገና ጠንከር አለ። ያንን ሥዕል ስንት ጊዜ በጠመኔ እንደሳልኩት እግዜር ይወቀው፤ የሳልኩት ምን እንደነበረ የገባኝ ግን ያኔ ነው። አለቀስኩ። በዚህ ጊዜ በበርበሬ አላሳበብኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘገምተኛ ነበር፤ ግን ሄደ። መጀመሪያ እጁ ጉልበታቸው ላይ ተደግፎ ትንሽ ቀና አለ። ቀጥሎ ያለ ድጋፍ ለአፍታ ቆሞ ይወድቃል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው አያ ወጌሻ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ የተባሉት። ሸሚዛቸው ሲያዙ ከትከሻው እስከ ብብቱ ተቀድዷል፤ ሌላ ልብስ የላቸውም።

«በተቀደደ ሸሚዝ ዳኛ ፊት አይቆሙም» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ተወኝ እቴ፣ ዳኛው ሸሚዜን አይጠይቀኝ።»

«ዳኛው ባይጠይቅዎ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

ተነስተው በሩን አንኳኩ። የመጣው ያ እጁን የሞከረው ጠባቂ ነው። መርፌና ክር ለአንድ ሰዓት እንዲያውሳቸው ጠየቁት። መርፌ ክልክል ነው አለ። ትንሽ ቆሞ ሄደ፤ ተመልሶ ሲመጣ ከኮፍያው እጥፋት ውስጥ ክር የተጠቀለለባት መርፌ አወጣ። «እዚሁ ቆሜ ነው እምትሰፉት» አለና በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። በተከፈተው በር የገባው ብርሃን ለሥራው በቃ።

ልብስ ሰፊው ላስቲኩን ፈቱት። እኔ እጃቸውን ከሥር ልደግፍ ስጠጋ በክርናቸው መለሱኝ። መርፌዋን ወጉ፣ እጃቸውን ቀና አድርገው ክሩን ሳቡ፤ እጁ ወደቀ። በግራቸው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት፤ ጠበቁት፤ እንደገና ወጉ። ላብ ከግንባራቸው ይንጠባጠባል። በገበያ ቀን ሻይ ሳይበርድ የሚጨርሱት ሥራ ነው፤ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አንድ ሰዓቱ አልፏል። ጠባቂው ግን መርፌዋን መልሱ አላላቸውም። ሊጨርሱ ሲሉ ስፌቱን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩት።

«ጠሟል» አሉና ወደ መጨረሻው የሰፉትን አንድ ጣት ያህል በጥርሳቸው በጥሰው ፈቱት።

«ኧረ ደህና ነው!» አልናቸው ሁላችንም።

«ለእናንተ ነው ደህናው» አሉና እንደገና ሰፉት።

አያ ወጌሻ ሸሚዙን ሲለብሱ ትከሻቸውን ደጋግመው ዳሰሱት።  በማግሥቱ ሄዱ፤ በዋስ ተለቀቁ አሉን። እኔም ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሜ ተጠራ። ልብስ ሰፊው በር ላይ ሲሰናበቱኝ እጃቸው ገና ይደክም ነበር፤ ጣቶቻቸውም ሙሉ በሙሉ አልተዘረጉም። እሳቸውን እዚያ ትቼ መውጣቴ አስከፋኝ። ደስታዬና ሐዘኔ እኩል ሆነው ነው ቤቴ የደረስኩት።

አያ ወጌሻን ከተፈታሁ በኋላ አግኝቻቸዋለሁ፤ ያርሳሉ፣ ሰውም ይጠግናሉ፤ እጁ የወደቀበት ሰው ሲመጣ «ይህ የነርቭ ነው፣ ሐኪም ቤት ሂድ» እንደሚሉ ነግረውኛል። እኔም ጡንቻን ሳስተምር የምጀምረው ከሁለት በሬና ከአንድ ቀንበር ነው። የገጠር ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል፤ የከተማዎቹ ይስቃሉ። ልብስ ሰፊው መፈታታቸውን ሰምቼ ነበር። ቡሬ ለመሄድ ግን ፈራሁ፤ እጁ ከዚያ በላይ ባይሻለውስ እያልኩ ወራት አስቆጠርኩ።

ባለፈው የገበያ ቀን ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ይጮኻል፣ በቆሎ የሚጭኑ ሰዎች ይጯጯኻሉ። በረንዳው ላይ ከማሽናቸው ኋላ ተቀምጠው አየኋቸው፤ ማሽኑን በእግራቸው እየመቱ ጨርቅ ያስኬዳሉ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ተጣራሁ፤ አልሰሙኝም። አጠገባቸው የቆመች ደንበኛ ነካ አድርጋ አሳየቻቸው። ቀና ብለው ፈለጉኝና አገኙኝ። ጨርቁን በግራ እጃቸው እንደያዙ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። መጀመሪያ አንጓው ቀና አለ፣ ከዚያ ጣቶቹ ተዘረጉ፣ አውራ ጣቱም ሳይቀር፤ መዳፋቸው ወደ እኔ ዞረ። ጋሪ መጣና ከለለን። ጋሪው ሲያልፍ እጃቸው እንደተነሳ ነበር። እኔም የእኔን አነሳሁ። ለረጅም ጊዜ አላወረድነውም።